እናቴ የተላጨችበት የበርበሬ ወራት

ባለፈው ሰሞን ልጄን ልጠይቅ ወልቂጤ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለች አንዲት ጸጉር ቤት ገባሁ። ጸጉር ቢባል የቀረኝ በጆሮዬ ዙሪያ ያለው ነው። እሱንም ልጁ አንስቶ ጨረሰና ማጅራቴን በአልኮል አበሰው። ያ ቅዝቃዜና ያ ሽታ ሲደርሰኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"አባባ፣ አቃጠለዎት እንዴ?" አለኝ።

"የለም ልጄ። እናቴ ትዝ ብላኝ ነው።"

ልጁ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ የጸጉር ቤት ሽታ አባትን ያስታውስ ይሆናል እንጂ እናትን ለማን ያስታውሳል። እኔን ግን ያስታውሰኛል። እንዴት እንደሆነ ቀስ ብዬ ላውጋችሁ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፣ ወደ መጨረሻው ግድም። ቡታጅራ ላይ የበርበሬ ወራት ሲገባ ከተማው በሙሉ ያስነጥስ ነበር። በርበሬው ከመስቃን በአህያ እየተጫነ ይመጣል፣ እንዲደርቅ በየደጁ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ነፋስ ሲነሳ ቄሱም ሼሁም መምህሩም እኩል ያነባሉ። እናቴ ትርፌ በዚያ ወራት ከገበሬው እየገዛች ለጋሽ ኑሪ ታስረክባለች። ጋሽ ኑሪ አጥር ለአጥር የምንዋሰነው ነጋዴ ነው፤ የራሱ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበረው፣ ራሱም ይነዳው ነበር። አባቴ ሳህሌ ደግሞ አናጺ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል። በቡታጅራ መሰርሰሪያ ያለው እሱ ብቻ ነው ይባል ነበር፤ በደረቱ ተጭኖ በእጁ የሚያሽከረክራት፣ እንጨቱን ስትበሳ የምታለቅስ መሰርሰሪያ።

መስቀል ባለፈ ሰሞን ነው ነገሩ የጀመረው። እናቴ ገበያ ላይ ጆንያ ስታስመዝን፣ ጆንያው ተፈትቶ ወደቀና የሚዛኑ ብረት ተወንጭፎ ጆሮ ግንዷን መታት። ቁጭ አለች፣ አሸት አሸት አደረገችው፣ ከዚያ፦

"ጋሽ ኑሪ፣ ሚዛንህ ዛሬስ እኔኑ መዘነኝ" አለችው።

"ስንት ወጣሽ ታዲያ?"

"ከአንተ ዋጋ በላይ።"

ተሳሳቁ። ደም እንኳ አልወጣትም። በማግስቱ የሚያስታውሰው ሰው አልነበረም።

ከሳምንታት በኋላ ራሴን ራሴን ማለት ጀመረች። ከዚያ ወጡን ጨው በጨው ታደርገዋለች፣ ወይ ጨርሶ ትረሳዋለች። አባቴ ምሳውን በልቶ እጁን ሲታጠብ፣ እንደገና ምሳ ታቀርብለታለች። እሱ ዝም ብሎ ይበላል። ቀጥሎ በቀን መተኛት አመጣች፤ ገበያ መሐል፣ ጆንያ ላይ፣ ሰው እያየ። ግራ እግሯ መሬቱን ይጠርግ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ እኔን "ተካ" ብላ ጠራችኝ።

ተካ የሞተው ወንድሟ ነው። እኔ ግን ጨዋታ መሰለኝ። "አቤት" አልኳት፣ ደስ አላት። ተካ መሆን ለእኔም ይመቸኝ ነበር። ተካን ውኃ ቅዳ አትለውም። ለተካ ቅቤ የጠጣውን ቆጮ ከመሐል ቆርሳ ትሰጠዋለች። አባቴ ሲገባ እኔ ተካ ሆኜ ቆጮዬን እበላለሁ፤ እሱም በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። ለምን እንደሚቆም አይገባኝም ነበር።

ጠበል ወሰዷት። ጋሽ ኑሪ ከሼሁ ዱዓ አስደረገላት። ወጌሻው መጥቶ ዋግምት አደረገባት። ከጤና ጣቢያው የመጣው ድሬሰር፣ የጎጃም ሰው ነው፣ በባትሪ ዓይኗን አየና አንደኛው ብሌን ከሌላው ሰፍቶ አገኘው።

"ራሷን ተመትታ ታውቃለች?"

"የለም" አለ አባቴ።

"ወድቃስ?"

"አልወደቀችም።"

ድሬሰሩ ባትሪውን አጠፋ። "ይሄ የእኔ አይደለም። አዲስ አበባ አድርሷት፣ ቶሎ" አለ።

ጋሽ ኑሪ በርበሬውን ጭኖ ሊሄድ ነበር። እሷን ጋቢና አስገቧት። ስትነሳ የእጄን አንጓ ያዘችና አልለቅም አለች። በቀኝ እጇ ነው፤ ግራው ያኔ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። "ተካን ትቼ አልሄድም" አለች። ስለዚህ እኔም ተጫንኩ። መኪና ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው፤ እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። መንገዱ አቧራ ነው፣ እናቴ ጭኔ ላይ ራሷን ጥላ ታንኮራፋለች፣ አባቴ ከኋላ ጆንያው ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ኑሪ በየጉድጓዱ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ይላል።

ሆስፒታል የገባነው ከነበርበሬያችን ነው። ልብሳችን፣ ጋቢያችን፣ ጸጉራችን ሁሉ በርበሬ ነበር። አባቴ እናቴን አልጋ ላይ አስተኝቶ ጋቢውን ሲያራግፍ ክፍሉ በሙሉ ማስነጠስ ጀመረ። አንድ ሆዱን የተቀደደ በሽተኛ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ "ኧረ ስለ ማርያም፣ እነዚህን ሰዎች አስወጡልኝ" ይል ነበር። በዚህ መሐል ፈረንጁ ሐኪም መጣ። ረጅም ነው፣ እጁ ላይ ቀይ ጸጉር አለው። እናቴ ላይ ጎንበስ ብሎ ዓይኗን ገለጠ፣ እግሯን በመዶሻ መታ አደረገ፣ ቀና ሲል እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

እኔ ሐኪም ሲያለቅስ ሳይ አለቀ አልኩ። እናቴ ሞታለች፤ እሱ አውቆ ለእኛ ሊነግረን አልደፈረም ብዬ አሰብኩ። አፌን በእጄ ይዤ ከአልጋው ሥር ገባሁ። ጎትታ ያወጣችኝ ሲስተሯ ናት፣ የምታስተረጉመው። እሷም ታለቅሳለች። ያኔ ጨርሶ ተስፋ ቆረጥኩ።

ሐኪሙ አፍንጫውን ጠርጎ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ፤ ራሷን ተመትታ ታውቃለች ወይ። አባቴ አሁንም የለም ሊል አፉን ሲከፍት፣ ከበሩ ዘንድ ቆሞ የነበረው ጋሽ ኑሪ ቆቡን አወለቀ።

"ሚዛኔ" አለ። "ወላሂ፣ ሚዛኔ መትቷታል። ተሳስቀንበታል እኮ።" ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፣ ያ ትልቅ ሰውዬ።

ሲስተሯ እየተረጎመች ነገረችን። ራሷ ውስጥ፣ ከአጥንቱ ሥር፣ ትንሽ ደም ሥር ተበጥሳለች። ደሙ ጠብ እያለ ተጠራቅሞ አንጎሏን ይጫነዋል። አጥንቱን በስቶ ማውጣት ነው። ካልተበሳ ትሞታለች።

"በምን ይበሳል?" አለ አባቴ።

ሲስተሯ ጥያቄውን ለሐኪሙ ተረጎመችለት። ሐኪሙም አባቴ አናጺ መሆኑን ሲሰማ፣ እንዲገባው ብሎ ይመስለኛል፣ ሄዶ ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣለት። ባያመጣው ይሻል ነበር። ጨርቁ ሲገለጥ አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። የእሱ መሰርሰሪያ ናት። ብረቷ የነጣ፣ እጀታዋ ያማረ ይሁን እንጂ ያችው የምታለቅሰዋ መሰርሰሪያ ናት።

"እሺ፣ እንጨቱ ሲያልቅ..." አለና ተሳሰረ። "አጥንቱ ሲያልቅ እንዴት ትይዘዋለህ? ሲያልፍ እኮ እጅ አብሮ ይገባል።"

"አጥንቱ ሲያልቅ ራሱ ይቆማል ይላል" አለች ሲስተሯ።

"ራሱ የሚቆም መሰርሰሪያ የለም።"

"ይሄ ይቆማል ይላል።"

"ሲስተር፣ እኔ ስንት ሳንቃ አሳልፌያለሁ። ንገሪው። ራሱ የሚቆም የለም።"

ሌላው ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነው። አባቴ ግን የሚያውቀውን ነበር የፈራው። ያም ሆኖ ጣቱን ቀለም አስነክቶ የፈቃዱ ወረቀት ላይ አተመ። ከዚያ ሲስተሯ ሳሙናና ምላጭ ይዛ መጣች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጸጉሯ ይላጫል።"

አባቴ ከአልጋውና ከእሷ መሐል ቆመ። "ሲስተር፣ እኔ እኮ በሕይወት አለሁ።"

"ታዲያ እሰየው ነዋ፣ ወንድሜ።"

"ባሏ በቁሙ እያለ የምትላጭ ሴት የት አገር አለች? ይሄ እኮ ሞት መጥራት ነው።"

ሲስተሯ የከተማ ልጅ ናት፤ ትንሽ ቆይቶ ነው የገባት። ወጥታ ሐኪሙን አነጋግራ ተመለሰች። "ግማሹን ብቻ ቢሆን ይበቃል ብሏል" አለችው።

"ግማሹን?" አለ አባቴ። "ግማሹን የተላጨች ምን ትባላለች? ሙሉውን ብትላጭ መበለት ነው የሚሏት፣ ግማሹን ብትላጭ እብድ ነው የሚሏት።"

በዚያ ክፍል ያለው በሽተኛ ሁሉ ይሰማል። እናቴ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። አባቴ አያት፣ አያት፣ ከዚያ እጁን ዘረጋ።

"ምላጩን አምጪው። ሙሉውን ነው። እኔን ሞቷል በሉኝ።"

በራሱ እጅ ላጫት። እኔ ውኃውን ይዤለት ነበር። ሳንቃ ሲልግ እንደሚያደርገው ትንፋሹን ይዞ ነው የላጫት። አንዲት ጭረት አላወጣባትም። ጨርሶ በአልኮል ሲያብሳት ያ ሽታ መጣ። የእናቴ ራስ ትንሽ ነበር፣ የልጅ ራስ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የእናቴ ራስ ያ ሁሉ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሹሩባው ነው።

ወሰዷት። እኛ ግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አባቴ አልጸለየም፣ አላወራም። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ሆና ትዞራለች፤ ቀስ እያለች ትዞር ትዞርና ድንገት ቀጥ ብላ ትቆማለች። ከዚያ እንደገና ትጀምራለች። ምን እየሠራ እንደሆነ እኔም አውቄያለሁ፤ የሚቆምበትን ቦታ እየፈለገ ነው። ጋሽ ኑሪ አንዴ "አብሽር ሳህሌ" ብሎ እጁን ሊይዘው ሞከረ። አልያዝ አለው።

ሐኪሙ ሲወጣ እየሳቀ ነበር። ከሁለት ቀዳዳ ያረጀ ደም ወጣላት፣ እንደ ተቃጠለ የመኪና ዘይት የጠቆረ፣ አለችን ሲስተሯ።

"ቆመ?" አለ አባቴ።

"ምኑ?"

"መሰርሰሪያው።"

"ቆሟል" አለችው።

ያኔ ነው ያለቀሰው።

እናቴ በማግስቱ ዓይኗን ገለጠች። ግራ እጇን አንስታ አፍንጫዋን አከከች። የሞተው እጅ ነው እኮ። ከዚያ እኔን አየችና በስሜ ጠራችኝ፤ ተካ አላለችኝም። "አንተ ልጅ፣ ማነው እንዲህ ያቆሸሸህ?" አለች። ሁላችንም አልጋዋን ከበን ቆመናል። ወር ሙሉ ስትሞት የከረመች ሴት ስለ ቆሻሻ ትቆጣለች።

አባቴ ቀረብ ብሎ ውኃ አጠጣት። ጠጣችና "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችው። ቆይታ ወደ እኔ ዘንበል ብላ በሹክሹክታ፦

"ይሄ ደግ ሰውዬ ማነው?"

አባቴ ሰምቷል። ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ።

"ትርፌ፣ እኔ ነኝ" አላት።

"አይዞዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ራሴን አሞኝ ነው" አለችው። ባሏን አንቱ አለችው። ጋሽ ኑሪን ታውቃለች፣ እኔን ታውቃለች፣ የበርበሬውን ዋጋ ታውቃለች። እሱን ብቻ አታውቅም። ሐኪሙ ሲጠየቅ ትዝታዋ ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል፣ ታገሱ አለ። አንድ ነገር አጥብቆ አስጠነቀቀ፦ ራሷ ምንም እንዳይነካው፤ መውደቅ፣ መመታት የለም፤ እንደገና ከደማች አትተርፍም። ሲስተሯ ይህን ለእኔም ለብቻዬ ደጋግማ ነገረችኝ።

አባቴ ሆስፒታል እስካለን ድረስ በየቀኑ ያጎርሳት ነበር፤ እሷም በየቀኑ ታመሰግነዋለች። አንዴ ሳልተኛ "ሚስት የለውም እንዴ? የሰው ሰው የሚያስታምመው" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን ልበላት። "አለችው" አልኩ።

የምንመለስበት ቀን ደረሰና ጋሽ ኑሪ ጋቢናውን ከፈተ። አባቴ ከጎኗ ሊወጣ ሲል እናቴ ነጠላዋን ሰበሰበች።

"ጋሽ ኑሪ፣ እኔ ባለትዳር ነኝ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሰውየው ደግ ናቸው፣ ግን ከማላውቀው ወንድ ጋር ተጣብቄ አልሄድም። ሳህሌ ቢሰማስ?"

ጋሽ ኑሪ አባቴን አየው። አባቴ ሄዶ ከኋላ፣ ባዶ ጆንያው ላይ ወጣ።

መንገዱ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ቡታጅራ ገበያ ደርሰናል፤ የገበያ ቀን ነው፣ የዐስር አዛን ይሰማል። ጋሽ ኑሪ "መጣሁ" ብሎ ወደ መስጊድ ገባ። እኔ ዘልዬ ወረድኩና አባቴን ልጠራ ወደ ኋላ ዞርኩ። የለም። ጋቢው ጆንያው ላይ ተጥሏል፣ እሱ የለም።

እናቴ በሌላው በር እየተንጠላጠለች ስትወርድ ሻሿ በሩ ላይ ተያዘና ወለቀ።

በርበሬ ተራ ላይ ያሉት ሴቶች አዩአት። ከመሐላቸው ለቅሶ ካለበት ሁሉ የማትጠፋ፣ እትዬ ወርቄ የምትባል ሙሾ አውራጅ ነበረች። በርበሬ እየለቀመች ነበር። የእናቴን የተላጨ ራስ አየች፣ ጋቢናው ባዶ መሆኑን አየች፣ ጋቢው ብቻውን መቅረቱን አየች። አንድም ሰው አልጠየቀችም። ምን ይጠየቃል? ሁለት ሄደው አንዷ ተላጭታ ተመለሰች።

"ለእሷ ስንሰጋ እሱን!" ብላ ደረቷን መታች። "ሳህሌን! አናጺውን!"

ገበያው ተነሳ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ በርበሬው ተረግጦ፣ ሴቶቹ እየጮኹ ከበቡን። እኔ እንኳ አመንኩ። ምን ላድርግ፣ ጋቢውን አይቻለሁ። እኔ ተኝቼ ሳለሁ ከመኪናው ወድቆ ሞቷል፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። መጮኽ እንኳ አቃተኝ።

እናቴ መሐል ላይ ቆማ ፊት ለፊት ታያለች። "ማን?" አለች። "ማንን ነው የምትሉት?"

"ሳህሌን፣ እህቴ። ሳህሌን ነዋ።"

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ሁለት እጆቿ ተነሱ። ደግሞ በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ ራሷን ትመታለች፣ መሬት ትወድቃለች። ያኔ ድምፄ መጣ። ክንዷ ላይ ተንጠለጠልኩና "ራሷን! ራሷ ተበስቷል!" ብዬ ጮኽኩ። ሴቶቹ የልጅ ለቅሶ መሰላቸው። እትዬ ወርቄ ብቻ ቀረብ ብላ አየች፤ ሁለቱን ቁስል፣ የተሰፋበት ክር ሳይቀር። ሙሾዋ በአፏ ላይ ቀረ። ከኋላዋ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እናቴን ጭኗ ላይ ሳበቻትና ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ጥርቅም አድርጋ ያዘቻት።

"አልቅሺ" አለቻት። "በአፍሽ አልቅሺ እህቴ። እጅሽን አልሰጥሽም።"

እናቴ ዓይኗን ጨፈነችና ጀመረች።

"የቡታጅራን በር ሁሉ የገጠምከው ሳህሌ፣
በየትኛው ወጣህ ጥለኸኝ አካሌ።"

ሰዉ ተቀበላት። ከዚያ እያወራች ማልቀስ ያዘች። ሳህሌ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ነው የሚያወራው፤ ምን እንዳለ ከእኔ በቀር ማን ይሰማው ነበር አለች። ሲቆጣ መዶሻ ያስቀምጥ ነበር አለች፣ ሰው መዶሻ ያነሳል፣ የእኔ ሰው ያስቀምጣል። ጨው የሌለውን ወጥ በልቶ ጣመኝ አለኝ አለች። ምሳውን በልቶ ደግሞ ሳቀርብለት ዝም ብሎ በላ አለች። እኔ ይህን ስሰማ ደነገጥኩ፤ በዚያ ወራት እሷ ምንም የምታውቅ አይመስለኝም ነበር።

ከኋላ በኩል ጩኸቱ እየቀነሰ መጣ። ሰው እየዞረ ያያል፣ ያየ ሁሉ አፉን ይይዛል። አባቴ ባዶ እግሩን፣ ጫማውን በእጁ ይዞ መጥቶ ቆሟል። ለካ ከከተማው መግቢያ ካለው ቤተ ክርስቲያን ስለት ነበረበት፤ ጋሽ ኑሪን አስቁሞ ወርዶ፣ ደጁን ስሞ በእግሩ መምጣቱ ነው። አንዷ "ያውና..." ልትል ስትጀምር አባቴ እጁን አነሳ።

"ተዉአት" አለ በዝግታ። "ትጨርስ።"

ከሰዉ ኋላ፣ እንደ ማንኛውም አልቃሽ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሄጄ ጉያው ውስጥ ገባሁ። ሙቀት አለው። በእጄ ነካካሁት፣ ሰው ነው። ገበያው በሙሉ ጸጥ ብሎ የእናቴ ድምፅ ብቻ ቀረ። ለሠርጋችን የሠራው በር አጠረ፣ ከሥሩ ውሻ ያስገባል፣ አንድ ቀን እቀጥለዋለሁ እንዳለ ሄደ አለች።

"አላጠረም እኮ" አለ አባቴ በጆሮዬ። "ግድግዳው ነው የሰመጠው።" እንባው ጺሙ ውስጥ ይገባ ነበር።

ቀስ በቀስ ደከማት። እትዬ ወርቄ እጆቿን ለቀቀቻት። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ ዓይኗን ገለጠች፣ ሰዉን ዞር ዞር ብላ አየች፣ ከሰዉ ኋላ ጫማውን አቅፎ የተቀመጠውን አባቴን አየች። ቆየች።

"ሳህሌ" አለችው። "ማን ሞቶብን ነው?"

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንጃ ትርፌ" አላት። "እኔም አሁን ነው የደረስኩት።"